ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የጭንቅላት መጠን

ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን የጭንቅላት መጠን የሚባለው እርግዝናው 37 ሳምንት ሳይሞላ የተወለደ ሕፃን የጭንቅላት ዙሪያ በሴንቲሜትር ተለክቶ ከዕድሜውና ከጾታው ጋር ሲነጻጸር የሚገኘው ልኬት ነው። የጭንቅላት ዙሪያ የአንጎልን እድገት ለመከታተል ከሚያገለግሉ ዘዴዎች ሁሉ ቀላሉና ርካሹ ሲሆን፣ ከክብደትና ከቁመት ጋር በየክትትሉ ይመዘገባል።

ብዙ ወላጆች ሕፃኑ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ባሉት ወራት ጭንቅላቱ ከሰውነቱ በልጦ ስለሚታያቸው ይጨነቃሉ። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ጤናማ ነው። በተወሰኑ ሕፃናት ላይ ግን የጭንቅላቱ መተለቅ በአንጎል ውስጥ ፈሳሽ የሚጠራቀምበት ሃይድሮሴፋለስ የተባለ ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለመለየት የአንድ ቀን ልኬት አይበቃም። የሚለያቸው ጭንቅላቱ በሳምንታት ውስጥ የሚያድግበት ፍጥነት እና አብረው የሚታዩ ምልክቶች ናቸው።

ያለጊዜው መወለድ

የዓለም ጤና ድርጅት ያለጊዜው መወለድን በሦስት ይከፍለዋል። ከ28 ሳምንት በፊት የተወለዱት እጅግ ያለጊዜያቸው፣ ከ28 እስከ 32 ሳምንት ባለው ጊዜ የተወለዱት በጣም ያለጊዜያቸው፣ ከ32 እስከ 37 ሳምንት ባለው ጊዜ የተወለዱት ደግሞ በመጠኑ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ይባላሉ። እንደ ድርጅቱ ግምት እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 13.4 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት ያለጊዜያቸው ተወልደዋል።

የእርግዝና የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት አንጎል በፍጥነት የሚያድግባቸው ወራት ናቸው። በ28ኛው ሳምንት 26 ሴንቲሜትር አካባቢ የነበረው የጭንቅላት ዙሪያ በ32ኛው ሳምንት ወደ 29፣ በ40ኛው ሳምንት ደግሞ ወደ 34 ወይም 35 ሴንቲሜትር ይደርሳል። ሕፃኑ ቀድሞ ሲወለድ ይህ ሁሉ እድገት ከማህፀን ውጭ፣ በወላጆች ዓይን ፊት ይካሄዳል። በሆድ ውስጥ ሳይታይ ያልፍ የነበረው ለውጥ ከሳምንት ሳምንት በግልጽ ስለሚታይ ያልተለመደ ሊመስል ይችላል።

ጭንቅላቱ ትልቅ የሚመስልበት ምክንያት

ጤነኛ ሆኖ ሳለ ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ጭንቅላቱ ትልቅ የሚመስልባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው።

የመጀመሪያው የሰውነት ምጣኔ ነው። በጊዜው የተወለደ ሕፃን ጭንቅላት የጠቅላላ ቁመቱን አንድ አራተኛ ያህል ሲይዝ፣ የአዋቂ ሰው ጭንቅላት ግን ከቁመቱ ከአንድ ሰባተኛ እስከ አንድ ስምንተኛ ያህል ብቻ ነው። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ከቆዳው ሥር ያለው ስብ አነስተኛ ስለሆነ ፊቱ፣ አንገቱና እጆቹ ቀጭን ይሆናሉ። ከቀጭን አካል በላይ ያለ ጭንቅላት ደግሞ ከልኩ በላይ ጎልቶ ይታያል።

ሁለተኛው አካል ለአንጎል ቅድሚያ የሚሰጥ መሆኑ ነው። ምግብ ሲያንስ ክብደት በመጀመሪያ፣ ቁመት ቀጥሎ፣ የጭንቅላት እድገት ደግሞ በመጨረሻ ይጎዳል። ሕፃኑ ሲያገግምና በቂ ወተት ሲያገኝ ብዙውን ጊዜ ጭንቅላቱ ከክብደቱና ከቁመቱ ቀድሞ ወደ እድገት ሰንጠረዡ መካከለኛ መስመር ይመለሳል። ይህ ማካካሻ እድገት ይባላል። በዚህ ወቅት ክብደቱ በታችኛው መስመር ላይ እያለ ጭንቅላቱ ከመካከለኛው መስመር በላይ ሊገኝ ይችላል።

ሦስተኛው የጭንቅላቱ ቅርጽ ነው። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን የራስ ቅል አጥንቶች ለስላሳ ናቸው። ሕፃኑ በሙቀት ክፍል ውስጥ ለረጅም ጊዜ በጎኑ ሲተኛ ጭንቅላቱ ከግራና ከቀኝ ይጠብና ከፊት ወደ ኋላ ይረዝማል። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ከጎን ሲያዩት ትልቅ ይመስላል። ቅርጹ ብዙውን ጊዜ ሕፃኑ አንገቱን መቆጣጠርና መገላበጥ ከጀመረ በኋላ ቀስ በቀስ ይስተካከላል።

አለካክ

የጭንቅላት ዙሪያ የሚለካው በማይለጠጥ ሜትር ነው። ሜትሩ ከፊት ከቅንድብ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከጎን ከጆሮዎች በላይ፣ ከኋላ ደግሞ የራስ ቅሉ ይበልጥ በወጣበት ቦታ ላይ ያልፋል። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ጊዜ ተለክቶ ትልቁ ቁጥር እስከ 1 ሚሊሜትር ድረስ ይመዘገባል።

ትንንሽ ስህተቶች ትልቅ ጭንቀት ሊፈጥሩ ይችላሉ። በአገልግሎት ብዛት የተለጠጠ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ሳይወልቅ የቀረ ኮፍያ፣ ሜትሩ ሥር የገባ ወፍራም ፀጉር ወይም የሚንቀሳቀስ ሕፃን ልኬቱን በግማሽ ሴንቲሜትር ወይም ከዚያ በላይ ሊለውጡት ይችላሉ። ሁለት ሰዎች የለኩት ልኬትም ሊለያይ ስለሚችል፣ ከተቻለ አንድ ሰው በአንድ ሜትር ቢለካ ይመረጣል። ያልተጠበቀ ቁጥር ሲገኝ የመጀመሪያው እርምጃ ልኬቱን መድገም ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚገኘው ልኬትም በጥንቃቄ መታየት አለበት። በምጥ ጊዜ የተጨመቀ ጭንቅላት፣ ያበጠ የራስ ቆዳ ወይም በአጥንቱና በሽፋኑ መካከል የቋጠረ ደም ልኬቱን ያዛባሉ። ብዙ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በመጀመሪያው ሳምንት የሰውነት ፈሳሽ ስለሚቀንሱ የጭንቅላታቸው ዙሪያ በጥቂቱ ሊያንስና በኋላ ማደግ ሊጀምር ይችላል።

የተስተካከለ ዕድሜ

ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ልኬት የሚነበበው በተስተካከለ ዕድሜው ነው። የተስተካከለ ዕድሜ ከተወለደ ጀምሮ ከተቆጠረው ዕድሜ ላይ ቀድሞ የተወለደባቸው ሳምንታት ተቀንሰው የሚገኝ ነው። ስሌቱ ከ40 ሳምንት ይነሳል፤ በ28 ሳምንት የተወለደ ሕፃን 12 ሳምንት ቀድሞ ተወልዷል። ማስተካከያው አብዛኛውን ጊዜ ሕፃኑ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ያገለግላል።

በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ሲሰላ ጳጉሜን እንዳትረሳ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ለምሳሌ የመውለጃ ቀኑ መስከረም 29 የነበረ ሕፃን ሐምሌ 10 ቢወለድ፣ ከሐምሌ 20 ቀን፣ ከነሐሴ 30 ቀን፣ ከጳጉሜ 5 ቀን፣ ከመስከረም 29 ቀን፣ በድምሩ 84 ቀን ወይም 12 ሳምንት ቀድሟል። ጳጉሜ ከተዘነጋች ስሌቱ ወደ አንድ ሳምንት የሚጠጋ ስህተት ይኖረዋል። በዚያ ዕድሜ ደግሞ የአንድ ሳምንት የጭንቅላት እድገት ከግማሽ ሴንቲሜትር በላይ ሊሆን ይችላል።

ዕድሜን አለማስተካከል ሕፃኑ ወደ ኋላ የቀረ እንዲመስል ከማድረጉም በላይ በእርግጥ የተለቀን ጭንቅላት ሊሸፍን ይችላል። ከላይ የተጠቀሰው ሕፃን ወንድ ነው እንበል፤ ኅዳር 25 ቀን 20 ሳምንት ሲሞላው ጭንቅላቱ 42 ሴንቲሜትር ሆኖ ተለካ። በጊዜው ለተወለደ የ20 ሳምንት ወንድ ልጅ 42 ሴንቲሜትር መካከለኛ ልኬት ስለሆነ ምንም ችግር የሌለ ይመስላል። የተስተካከለ ዕድሜው ግን 8 ሳምንት፣ ማለትም ሁለት ወር አካባቢ ነው። በሁለት ወር ዕድሜ የወንድ ልጅ መካከለኛ ልኬት 39.1፣ የላይኛው የተለመደ ወሰን ደግሞ 41.5 ሴንቲሜትር ነው። ስለዚህ ይህ ሕፃን ምርመራ ያስፈልገዋል።

የእድገት ሰንጠረዦች

ለእነዚህ ሕፃናት የሚያገለግሉት ሰንጠረዦች እንደ ዕድሜያቸው ይለያያሉ። በሆስፒታል ቆይታቸው ወቅት በሰፊው የሚሠራባቸው እ.ኤ.አ. በ2013 የተሻሻለው የፌንተን ሰንጠረዥ እና ኢንተርግሮውዝ-21 የተባለው ዓለም አቀፍ ጥናት ያዘጋጃቸው ሰንጠረዦች ናቸው። ከኢንተርግሮውዝ-21 የጥናት ቦታዎች አንዷ የኬንያ ዋና ከተማ ናይሮቢ ነበረች።

ከዚያ በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት የእድገት መለኪያ በተስተካከለ ዕድሜ ይነበባል። ይህ መለኪያ የተዘጋጀው በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማን እና በአሜሪካ በተካሄደ ጥናት ላይ ተመሥርቶ ነው። በዚህ መለኪያ መሠረት መካከለኛው የጭንቅላት ዙሪያ በሴንቲሜትር እንደሚከተለው ነው።

በተወለደ ዕለት፦ ወንድ 34.5፣ ሴት 33.9
በ2 ወር፦ ወንድ 39.1፣ ሴት 38.3
በ3 ወር፦ ወንድ 40.5፣ ሴት 39.5
በ6 ወር፦ ወንድ 43.3፣ ሴት 42.2
በ12 ወር፦ ወንድ 46.1፣ ሴት 44.9

የጭንቅላት ዙሪያ ለዕድሜና ለጾታ ከሚጠበቀው አማካይ በሁለት ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ሲበልጥ ማክሮሴፋሊ ይባላል። ቃሉ ትልቅ ጭንቅላት ከማለት ያለፈ ትርጉም የለውም፤ የበሽታ ስም አይደለም። ከትርጓሜው በመነሳት ከ100 ጤነኛ ሕፃናት ሁለት ያህሉ ከዚህ መስመር በላይ ይገኛሉ።

ከመስመሩ ይበልጥ የሚጠቅመው አቅጣጫው ነው። ዘወትር በላይኛው መስመር ላይ፣ ከመስመሩ ጋር ጎን ለጎን የሚያድግ ጭንቅላት ብዙውን ጊዜ አያሰጋም። በመካከለኛው መስመር ላይ የነበረና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሁለት መስመር አቋርጦ የወጣ ጭንቅላት ግን ገና ከወሰኑ ባያልፍም መመርመር አለበት። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ጭንቅላት በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ያድጋል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ሴንቲሜትር የጨመረ ጭንቅላት አስቸኳይ ምርመራ ያስፈልገዋል። በጊዜው በተወለደ ሕፃን እድገቱ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በወር 2 ሴንቲሜትር፣ በቀጣዮቹ ሦስት ወራት በወር 1 ሴንቲሜትር፣ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ደግሞ በወር ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ነው።

የጭንቅላት መተለቅ ምክንያቶች

ማካካሻ እድገት ከላይ እንደተገለጸው ከተለመዱት ምክንያቶች አንዱ ነው። የአንጎል ጥሩ እድገት ምልክት ስለሆነ ሕክምና አያስፈልገውም።

ሌላው የቤተሰብ ውርስ ነው። ከወላጆች አንዱ ትልቅ ጭንቅላት ካለው ልጁም ሊወርሰው ይችላል። ስለዚህ ሐኪሞች የእናትንና የአባትን ጭንቅላት መለካታቸው የተለመደ አሠራር ነው። በሜትር የሚደረግ የአንድ ደቂቃ ልኬት አንዳንድ ጊዜ ተጨማሪ ምርመራን ያስቀራል።

ሦስተኛው በአንጎልና በራስ ቅል መካከል ያለው ፈሳሽ ያለ ጉዳት መብዛት ነው። ይህ ሁኔታ ይበልጥ በወንዶች ላይ የሚታይ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ይታወቃል። ያለጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይም ይገኛል። በአብዛኞቹ ላይ ሁለት ዓመት አካባቢ ሲሆናቸው ያለ ሕክምና እየተስተካከለ ይሄዳል፤ እስከዚያው ግን የጭንቅላቱ ልኬትና የልጁ እድገት በክትትል ይታያል።

አራተኛውና ፈጥኖ መታወቅ ያለበት ሃይድሮሴፋለስ ነው። ከእነዚህ ሌላ በአንጎል ሽፋን ሥር የሚፈስ ደም፣ የአንጎል ዕጢ እና አንዳንድ በዘር የሚተላለፉ ሕመሞች ጭንቅላትን ሊያተልቁ ይችላሉ፤ እነዚህ ግን ብዙም አያጋጥሙም።

የአንጎል ውስጥ መድማትና ሃይድሮሴፋለስ

በአንጎል መካከል ቬንትሪክል የሚባሉ አራት ክፍተቶች አሉ። ንጹህ ፈሳሽ በውስጣቸው እየመነጨ በመተላለፊያዎች አልፎ ወደ አንጎሉ ውጫዊ ገጽ ይወጣና ወደ ደም ይመለሳል። መተላለፊያው ሲዘጋ ወይም ፈሳሹ ወደ ደም መመለስ ሲያቅተው ክፍተቶቹ ይሰፋሉ፤ የሕፃኑ የራስ ቅል ገና ስላልተጋጠመም ጭንቅላቱ ይተልቃል።

ያለጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ ዋናው መነሻ የአንጎል ውስጥ መድማት ነው። በክፍተቶቹ ጠርዝ ላይ በእርግዝና መጨረሻ የሚጠፋ፣ በስስ የደም ሥሮች የተሞላ የሕብረ ህዋስ ንብርብር አለ። ከ32 ሳምንት በፊት በተወለደ ሕፃን ይህ ንብርብር ገና ስላልጠፋ የደም ግፊትና የትንፋሽ መዋዠቅ ሥሮቹን በቀላሉ ያደማቸዋል። አብዛኛው መድማት የሚከሰተው በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ውስጥ ነው።

አሜሪካዊቷ ሐኪም ሉአን ፓፒል እና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጡት አመዳደብ መድማቱ አራት ደረጃዎች አሉት። በአንደኛው ደረጃ ደሙ በንብርብሩ ውስጥ ብቻ ይቀራል። በሁለተኛው ወደ ክፍተቶቹ ይገባል፣ ክፍተቶቹ ግን አይሰፉም። በሦስተኛው ክፍተቶቹ ይሰፋሉ። በአራተኛው ደረጃ የአንጎል ሕብረ ህዋስም ይደማል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች ብዙውን ጊዜ ያለ ሕክምና ይድናሉ። በሦስተኛውና በአራተኛው ደረጃ ግን የረጋው ደም የፈሳሹን መንገድ ሊዘጋ ይችላል። በአንዳንዶቹ ሕፃናት መስፋቱ በራሱ ጊዜ ይቆማል፤ ሌሎቹ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል።

የማጅራት ገትርም ሃይድሮሴፋለስን ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ በጨቅላነቱ ይህ ሕመም የነበረበት ሕፃን ከዳነ በኋላም ጭንቅላቱ በየጊዜው መለካት አለበት።

አስቸኳይ ምልክቶች

ከጭንቅላቱ በፍጥነት ማደግ ጋር የሚከተሉት ምልክቶች ሲታዩ ሕፃኑ ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል መወሰድ ይኖርበታል።

እርግብግቢቱ ሕፃኑ ሳያለቅስና ቀና ተደርጎ ተይዞ ሳለ መወጠሩ ወይም ማበጡ
የራስ ቅል አጥንቶች መገጣጠሚያዎች ተራርቀው በጣት መዳሰሳቸው
ዓይኖቹ ወደ ታች ተስበው ነጩ ክፍል ከብሌኑ በላይ መታየቱ
በራስ ቆዳው ላይ ያሉ የደም ሥሮች መገተራቸው
ተደጋጋሚ ትውከት ወይም ጡት ለመጥባት እምቢ ማለት
ከወትሮው የተለየ እንቅልፍ ወይም የማያቋርጥ ቁጣና ለቅሶ
ትንፋሽ ማቋረጥ፣ መንቀጥቀጥ ወይም የሰውነት መገተር

በለቅሶ ወይም በተኛበት ጊዜ እርግብግቢት ከፍ ማለቱ፣ ከልብ ምት ጋር ትር ትር ማለቱም የተለመደ ነው። የፊቱ እርግብግቢት አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ይዘጋል፤ የኋላው ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ይዘጋል።

ምርመራ

እርግብግቢቱ ክፍት እስከሆነ ድረስ አንጎልን በአልትራሳውንድ ማየት ይቻላል። መሣሪያው በእርግብግቢቱ ላይ ይቀመጣል፤ ጨረር የለውም፣ አያምም፣ ሕፃኑን ማስተኛትም አያስፈልግም። እርግብግቢቱ ከተዘጋ ወይም ይበልጥ ዝርዝር ምስል ካስፈለገ ኤምአርአይ ወይም ሲቲ ስካን ይታዘዛል።

ያለጊዜው በተወለደ ሕፃን የአንጎል ክፍተቶች ጭንቅላቱ መተለቅ ከመጀመሩ በፊት ለቀናት ወይም ለሳምንታት ሊሰፉ ይችላሉ፤ አንጎሉ ለስላሳ ስለሆነ በመጀመሪያ የሚጨመቀው እሱ ነው። ስለዚህ ሜትር ብቻውን በቂ አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ምክር በ30 ሳምንትና ከዚያ በፊት የተወለደ ሕፃን ሁሉ ከ7 እስከ 10 ባሉት ቀናት፣ እንደገና ከ4 እስከ 6 ባሉት ሳምንታት፣ እንዲሁም የመውለጃ ቀኑ ሲደርስ ወይም ከሆስፒታል ሲወጣ የአንጎል አልትራሳውንድ እንዲነሳ ይመክራል። ወላጆች ከሆስፒታል ከመውጣታቸው በፊት የእነዚህን ምርመራዎች ውጤትና በመጨረሻ የተለካውን የጭንቅላት ዙሪያ በጽሑፍ ቢይዙ በኋላ የሚያያቸው ሐኪም የሚያነጻጽርበት ያገኛል።

ሕክምና

ጤናማ ምክንያት ያለው ትልቅ ጭንቅላት ሕክምና አያስፈልገውም። ሃይድሮሴፋለስ ከተረጋገጠ ግን ፈሳሹ የሚወጣበት መንገድ መፈጠር አለበት። በጣም ትንሽ የሆነ ሕፃን ለቋሚ ቀዶ ሕክምና እስኪደርስ፣ በብዙ ሆስፒታሎች ክብደቱ ወደ 2 ኪሎ እስኪጠጋ፣ ከራስ ቆዳው ሥር በሚቀበር ትንሽ ማጠራቀሚያ ፈሳሹ በመርፌ ይቀዳለታል።

ዋናው ቋሚ ሕክምና ሸንት ነው። ሸንት ከአንጎል ክፍተት ተነስቶ ከቆዳ ሥር በማለፍ ፈሳሹን ወደ ሆድ ዕቃ የሚያፈስ፣ ቫልቭ ያለው ቀጭን ቱቦ ነው። ሕይወትን ያድናል፤ ሆኖም ሊዘጋ ወይም ሊመረቅዝ ስለሚችል የዕድሜ ልክ ክትትል ይጠይቃል።

በሸንት ታሪክ ውስጥ የወላጆች ድርሻ ትልቅ ነው። በአሜሪካዋ ፊላዴልፊያ አካባቢ በቁልፍ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ጆን ሆልተር ሃይድሮሴፋለስ ለነበረበት ልጁ ሲል ከቀዶ ሐኪሙ ዩጂን ስፒትዝ ጋር በመሥራት እ.ኤ.አ. በ1956 አዲስ ቫልቭ ሠራ። እንግሊዛዊው ደራሲ ሮአልድ ዳልም እ.ኤ.አ. በ1960 ሕፃን ልጁ በኒው ዮርክ በመኪና አደጋ ከተጎዳና ሸንቱ እየተዘጋ ካስቸገረ በኋላ ከመሐንዲሱ ስታንሊ ዌድና ከቀዶ ሐኪሙ ኬኔዝ ቲል ጋር ሌላ ቫልቭ እንዲሠራ አድርጓል።

ሸንት በተዘጋ ጊዜ ቀዶ ሐኪም በቅርብ በማይገኝበት አካባቢ ሌላ አማራጭ አስፈላጊ ነው። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ቤንጃሚን ዋርፍ በምሥራቅ ኡጋንዳ ምባሌ ከተማ በሚገኘው የኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ሲሠራ፣ በቀጭን ካሜራ በመታገዝ በአንጎል ክፍተት ወለል ላይ ቀዳዳ የመክፈትንና ፈሳሹን የሚያመነጨውን ሕብረ ህዋስ የመተኮስን ዘዴ አጣምሮ ተጠቀመ። በዚያው ሆስፒታል በ100 ሕፃናት ላይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ከአንድ ዓመት በኋላ በአእምሮ እድገት ረገድ በዚህ ዘዴና በሸንት መካከል ጉልህ ልዩነት አላገኘም። በጥናቱ የተካተቱት በኢንፌክሽን ምክንያት ሃይድሮሴፋለስ የያዛቸው ሕፃናት ነበሩ።

መከላከል

ያለጊዜው የሚመጣ ምጥ ሲታወቅ ለእናቲቱ የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ የሕፃኑን ሳንባ ከማዘጋጀቱም በላይ የአንጎል ውስጥ መድማትን ይቀንሳል። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1972 ያስተዋወቁት የኒውዚላንድ ሐኪሞች ግራሃም ሊጊንስ እና ሮስ ሃዊ ናቸው። መርፌው የሚጠቅመው ከወሊድ በፊት ሲሰጥ ስለሆነ፣ ምጥ ያለጊዜው የጀመራት እናት ፈጥና ጤና ተቋም መድረሷ ወሳኝ ነው።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ዋናው ችግር ብዙ ጊዜ ትክክለኛውን የእርግዝና ዕድሜ ማወቅ ነው። የመጨረሻው የወር አበባ ቀን ካልታወቀና በእርግዝናው መጀመሪያ አልትራሳውንድ ካልተነሳ የተስተካከለ ዕድሜን በትክክል ማስላት ያስቸግራል። በዚህ ጊዜ በተከታታይ የሚወሰዱ ልኬቶች ይበልጥ ይጠቅማሉ፤ የእድገት ፍጥነትን ለማየት ትክክለኛው ዕድሜ የግድ አይደለም። በጤና ኬላ ደረጃ የሚደረገው የሕፃናት እድገት ክትትል በዋናነት በክብደት ላይ ያተኮረ ስለሆነ፣ ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ያላቸው ወላጆች በክትባት ቀን የጭንቅላቱም ልኬት እንዲወሰድ መጠየቅ ይችላሉ።

የነርቭ ቀዶ ሕክምና ለረጅም ጊዜ በጥቂት ሐኪሞች እጅ የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኖርዌይ የቤርገን ከተማ ሐኪሞች ትብብር የስፔሻሊቲ ሥልጠና ተጀመረ። ጥቁር አንበሳ እና ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታሎች ለሃይድሮሴፋለስ ቀዶ ሕክምና ከሚሰጥባቸው ተቋማት መካከል ናቸው። ከክፍለ ሀገር ለሚመጣ ቤተሰብ መንገዱ ረጅም ስለሆነ፣ ችግሩ በአቅራቢያው ባለ ጤና ጣቢያ በሜትር ቀድሞ መታወቁ በሪፈራል የሚባክነውን ጊዜ ይቀንሳል።

በብዙ ቤተሰቦች የሕፃንን እርግብግቢት ቅቤ መቀባትና ጭንቅላቱን በእጅ ማሸት የቆየ ልማድ ነው። ቅቤ የጭንቅላትን እድገት አይጨምርም፣ አይቀንስምም። ጭንቅላትን ለማስተካከል ተብሎ መጫን ወይም በጨርቅ አጥብቆ ማሰር ግን በስስ አጥንቱና በአንጎሉ ላይ ጉዳት ሊያደርስ ስለሚችል መቅረት አለበት።

የቤት ውስጥ ክትትል

ከሆስፒታል የወጣ ሕፃን ወላጆች ሁለት ተቃራኒ ፈተናዎች ያጋጥሟቸዋል። አንዱ በየቀኑ እየለኩ በየሚሊሜትሩ መጨነቅ ነው፤ የአንድ ቀን እድገት ከልኬት ስህተት ስለሚያንስ የዕለት ልኬት ትርጉም የለውም። ሌላው ደግሞ ዘመድና ጎረቤት «ሲያድግ ይስተካከላል» ሲላቸው ቀጠሮ ማሳለፍ ነው። ሐኪሙ ሌላ ካላዘዘ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ተለክቶ ከቀኑ ጋር በደብተር መመዝገቡ ይበቃል። በተመሳሳይ ቀን ከተወለደ የጎረቤት ልጅ ጋር ማወዳደርም ሁለቱ የተስተካከለ ዕድሜያቸው ስለሚለያይ ያሳስታል።

የጭንቅላት እድገት ከሚጠበቀው ማነሱም ችላ የሚባል አይደለም። ለሳምንታት ያላደገ ጭንቅላት የምግብ እጥረትን ወይም የአንጎል ጉዳትን ሊያመለክት ስለሚችል፣ ያለጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ ከመተለቁ ባልተናነሰ ክትትል ይደረግበታል። በሁለቱም አቅጣጫ ሐኪሙ ልኬቱን ብቻውን አይመለከትም፤ ልጁ ፊት ለፊቱ ያለውን ዓይቶ ይከተላል ወይ፣ ፈገግ ይላል ወይ፣ አንገቱን ይቆጣጠራል ወይ፣ እጆቹን እኩል ያንቀሳቅሳል ወይ የሚሉትንም በተስተካከለ ዕድሜው ይመዝናል።